እኩል ዲያጎናል ሁሉ ሬክታንግል አይሠራም፦ በጎንደር ለሚዞር የማስጠኛ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር በአስጠኚዎችና በ8ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ፎቶ ኮፒው እየተባዛ የሚዞር አጭር ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ጎነ አራት ቅርጾች ዲያጎናል ነው፤ ማለትም ተቃራኒ ማዕዘኖችን ስለሚያገናኙት ሁለት መስመሮች። ጸሐፊው በመግቢያቸው እንደነገሩን ለሁለት ዓይነት አንባቢ አስበው ነው ያዘጋጁት፤ ለፈተና ለሚቀመጠው ተማሪና መሠረት ለሚያወጣው ግንበኛ። ሒሳብን ከደብተር አውጥቶ እንደ አዘዞና ማራኪ ባሉ የጎንደር ሰፈሮች ቤት ከሚያስገነባ ሰው ጋር ማገናኘት እኔም እንደ ሒሳብ መምህር ከልቤ የምደግፈው ሥራ ነው፤ ለዚህ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። የደረሱባቸው መደምደሚያዎች ግን በአብዛኛው ስህተት ናቸው። ስህተቱ ተማሪውን ነጥብ፣ ቤት ሠሪውን ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የምንስማማበትን ላስቀምጥ። ጽሑፉ ሲጀምር ያለው ሰንጠረዥ ያሰፈረው ነገር ትክክል ነው። የፓራሌሎግራም (ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ጎነ አራት) ዲያጎናሎች እርስ በርስ ይጋመሳሉ። የሬክታንግል (አራቱም ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ የሆኑ) ዲያጎናሎች ይጋመሳሉ፣ በዚያ ላይ ርዝመታቸው እኩል ነው። የሮምበስ (አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ) ዲያጎናሎች ይጋመሳሉ፣ በዚያ ላይ በቀጤ ማዕዘን፣ ማለትም በ90 ዲግሪ፣ ይቋረጣሉ። ካሬ ሁሉንም አሟልቷል። የካይት (ሁለት ሁለት ተያያዥ ጎኖቹ እኩል የሆኑ) ዲያጎናሎች በቀጤ ማዕዘን ይቋረጣሉ፤ አንደኛው ሌላኛውን ይጋምሳል። ትራፒዚየምን (ሁለት ጎኖቹ ብቻ ትይዩ የሆኑትን) ግን ጸሐፊው የተለየ ጠባይ የለውም ብለው አልፈውታል። ቀጥሎ ከሚመጣው ጣጣ ግማሹ የተወለደው ከዚህች ከታለፈች መስመር ነው። ሌላው ግማሽ የመጣው ሰንጠረዡን ገልብጦ ከማንበብ ነው። «ቅርጹ ይህ ከሆነ ዲያጎናሎቹ እንዲህ ይሆናሉ» የሚለውን ይዞ «ዲያጎናሎቹ እንዲህ ከሆኑ ቅርጹ ይህ ነው» ማለት ሌላ አዲስ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው፤ የራሱ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ጽሑፉ ይህን ማረጋገጫ የትም ቦታ አላቀረበም።

የመጀመሪያው ነጥባቸው የሁሉም ዋና ስለሆነ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እቆያለሁ። የአንድ ጎነ አራት ሁለት ዲያጎናሎች እኩል ከሆኑ ቅርጹ ሬክታንግል ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ግንበኛው አራቱን ችካል ከመታ በኋላ ዲያጎናሎቹን በሜትር ለክቶ እኩል ከሆኑለት ቁፋሮውን መጀመር ይችላል ብለው ይመክራሉ።

እስኪ በቁጥር እንየው። የፊት ለፊቱ ጎን 10 ሜትር፣ የጀርባው ጎን 6 ሜትር፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 6 ሜትር የሆነ ትራፒዚየም ሳሉ። የጀርባው ጎን ከግራም ከቀኝም እኩል 2 ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ከፊት ግራ ማዕዘን ተነስታችሁ ወደ ጀርባ ቀኝ ማዕዘን ስትሄዱ 8 ሜትር ወደ ጎን፣ 6 ሜትር ወደ ውስጥ ትጓዛላችሁ። የ8 ካሬ 64፣ የ6 ካሬ 36፣ ድምሩ 100፤ ዲያጎናሉ 10 ሜትር ነው። ሌላኛውም በተመሳሳይ ስሌት 10 ሜትር ነው። ሁለቱ ዲያጎናሎች ልክ በልክ እኩል ናቸው፤ ቅርጹ ግን ከሬክታንግል ጋር የሚያዛምደው አንድም ቀጤ ማዕዘን የለውም።

ጸሐፊው «10 እና 6ማ በዓይን ይታያል፤ ማንም ግንበኛ አይሳሳተውም» ሊሉ ይችላሉ። እንግዲያው በዓይን የማይታየውን እንውሰድ። ፊት ለፊቱ 10 ሜትር፣ ጀርባው 9 ሜትር ከ80፣ ጥልቀቱ 8 ሜትር የሆነ መሠረት ይሁን። ከእያንዳንዱ ወገን የገባው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዲያጎናሎቹን ብትለኩ ሁለቱም 12 ሜትር ከ73 ገደማ ይመጣሉ። የግራና የቀኝ ጎኖችን ብትለኩ ሁለቱም 8 ሜትር ናቸው፤ ከ8 የሚበልጡት ሜትር ላይ በማይነበብ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ልዩነት ነው። እንግዲህ ዲያጎናሎቹ እኩል፣ የግራና የቀኝ ጎኖች እኩል ሆነው እንኳ ቤቱ ሬክታንግል አልሆነም! እውነተኛው 10 በ8 ሬክታንግል ቢሆን ዲያጎናሉ 12 ሜትር ከ81 ገደማ መሆን ነበረበት። እኩልነቱን ብቻ ያየ ሰው ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ነገሩ የሚገለጠው ግድግዳው ቆሞ፣ ሴራሚክ አንጣፊው ከአንድ ወገን ጀምሮ ወደ ሌላው ሲደርስ ነው። የመጨረሻው ረድፍ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላ በኩል ጠባብ እየሆነ በሰያፍ ይቆረጣል። ቆርቆሮ መቺውም ጣሪያው ላይ ያንኑ ጣጣ ያገኘዋል።

ትክክለኛው አሠራር ይኸው ነው፦ አስቀድማችሁ አራቱንም ጎኖች ለኩ። ፊት ለፊቱ ከጀርባው ጋር፣ ግራው ከቀኙ ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ዲያጎናሎቹን ለኩ። ተቃራኒ ጎኖች ሁሉ እኩል ከሆኑ ቅርጹ ፓራሌሎግራም ነው፤ ፓራሌሎግራም ሆኖ ዲያጎናሎቹ እኩል ከሆኑ ያን ጊዜ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ሬክታንግል ነው።

ለምን እንደሆነ ማየት ከባድ አይደለም። ማዕዘኖቹን በዙሪያው ቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለን እንሰይምና ሀለሐመ ፓራሌሎግራም ይሁን፤ ዲያጎናሎቹ ሀሐ እና ለመ እኩል ይሁኑ። ሁለት ጎነ ሦስቶችን እናነጻጽር፤ ሀለሐ እና መሐለ። ጎን ሀለ ከጎን መሐ ጋር እኩል ነው፤ ፓራሌሎግራም ነውና። ጎን ለሐ የሁለቱም የጋራ ጎን ነው። ሀሐ ከመለ ጋር እኩል ነው፤ ይህን ተሰጥቶናል። ሦስቱ ጎኖች ከሦስቱ ጎኖች ጋር ስለተካከሉ ሁለቱ ጎነ ሦስቶች ልክ በልክ ይገጣጠማሉ። ስለዚህ ለ ላይ ያለው ማዕዘን ሐ ላይ ካለው ማዕዘን ጋር እኩል ነው። ሀለ እና መሐ ትይዩ ስለሆኑ ደግሞ የሁለቱ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ነው። እኩል ሆነው ድምራቸው 180 ከሆነ እያንዳንዳቸው 90 ናቸው።

አሁን ወደ ትራፒዚየሙ ተመለሱና ይህ ማረጋገጫ የት ላይ እንደሚሰበር ፈልጉ። «ሀለ ከመሐ ጋር እኩል ነው» የሚለው መስመር ላይ ይሰበራል፤ 10 ከ6 ጋር፣ 10 ከ9.80 ጋር እኩል አይደለምና። ጽሑፉ የጣለው ቅድመ ሁኔታ ሥራውን ሁሉ ተሸክሞ የቆመው ምሰሶ እንደነበር የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ጥያቄ ይነሳል። አናጺዎች በርና መስኮት ሲሠሩ ዲያጎናሎቹን ብቻ እየለኩ ፍሬሙን ያስተካክላሉ፤ ደግሞም አይሳሳቱም። ጸሐፊውም ይህን እንደ ማስረጃ ጠቅሰዋል። ግን አናጺው ለምን አይሳሳትም? ሁለቱን ቋሚ እንጨቶች አንድ ላይ ይዞ በአንድ ልክ ነው የሚቆርጣቸው፤ ሁለቱን አግዳሚዎችም እንዲሁ። ፍሬሙ ገና ሳይገጠም ፓራሌሎግራም መሆኑ በመጋዙ ተረጋግጧል። የቀረው ማዘንበል አለማዘንበሉን ማየት ብቻ ነው፤ ለዚህ ዲያጎናል ይበቃል። ግንበኛው ግን ባዶ መሬት ላይ አራት ችካል ሲመታ ማንም አስቀድሞ ጎኖቹን ቆርጦ አልሰጠውም። አንዱ ሙያ ላይ የሚሠራ ደንብ ሌላው ላይ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ለግንበኞች የሚጠቅም ሌላ መንገድም አለ፤ ከራሱ ከዲያጎናል ጠባይ የሚገኝ። ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሲባጎዎች ውሰዱና የሁለቱንም መሃል ለይታችሁ አንድ ችካል ላይ እሰሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ሲባጎ በችካሉ በኩል ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ወጥሩ። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት እንደፈለጋችሁ ብታሰፉት፣ ብታጠቡት አራቱ ጫፎች ሁልጊዜ ሬክታንግል ይሠራሉ፤ ዲያጎናሎቹ ተጋምሰዋል፣ እኩልም ናቸውና። 8 በ6 ቤት ከፈለጋችሁ እያንዳንዱን ሲባጎ 10 ሜትር አድርጉ፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል 8 ሜትር ስትለኩ ሌላው ጎን ራሱ 6 ሆኖ ይመጣል። ግንበኞች የሚጠቀሙበት 3፣ 4፣ 5 የሚባለው ልኬት (ጎኖቹ 3 እና 4 ሆነው ሰያፉ 5 ከመጣ ማዕዘኑ ቀጤ ነው) በአንድ ጊዜ አንድ ማዕዘን ብቻ ይፈትሻል፤ ይህ ግን አራቱንም በአንድ ጊዜ ያወጣል።

ጸሐፊው ለዚሁ ነጥብ የፋሲል ግንብን ምስክር ጠርተዋል። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ አድርገው ያሠሩት ግንብ ማዕዘኖቹ የተስተካከሉ ናቸው፣ ዲያጎናሎቹም እኩል ናቸው፤ ስለዚህ እኩል ዲያጎናል ቀጤ ማዕዘን ይሰጣል ይላሉ። በግንቡ እኔም እኮራለሁ፤ ምስክርነቱ ግን ለሌላው ወገን ነው። ማዕዘኖቹ ቀጤ የሆኑ ቤት ዲያጎናሎቹ እኩል መሆናቸውን ማንም አልካደም፤ ያ የሰንጠረዡ ትክክለኛ ንባብ ነው። ጎንደሬ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው፤ አንድ ሰው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ስለሰማን ብቻ ግን ጎንደሬ ነው አንልም። አንድ ያማረ ሬክታንግል ማሳየት ሁሉም እኩል ዲያጎናል ያለው ቅርጽ ሬክታንግል መሆኑን አያሳይም፤ አንድ ትራፒዚየም ማሳየት ግን አለመሆኑን ለማሳየት ይበቃል።

ሁለተኛው ነጥብ የዚሁ ወንድም ነው፦ ዲያጎናሎች በቀጤ ማዕዘን ከተቋረጡ ቅርጹ ሮምበስ ነው ይላሉ። የራሳቸው ሰንጠረዥ ውስጥ ያለው ካይት ይህን ያፈርሰዋል። ካይትም ሳይሆን፣ አራቱም ጎኖቹ የተለያዩ ሆነው ዲያጎናሎቹ በቀጤ ማዕዘን የሚቋረጡ ቅርጾች ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም። 8 እና 6 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት መስመሮች ውሰዱና በቀጤ ማዕዘን አቋርጧቸው። ሁለቱም መሃላቸው ላይ ከተገናኙ አራቱም ጎኖች 5 ይሆናሉ፤ ሮምበስ። ስድስቱን መሃሉ ላይ ትታችሁ ስምንቱን 2 እና 6 ብትከፍሉት ካይት ታገኛላችሁ። ስምንቱን 2 እና 6፣ ስድስቱን ደግሞ 1 እና 5 ብትከፍሉት የአራቱ ጎኖች ካሬ በዙሪያው ቅደም ተከተል 5፣ 37፣ 61 እና 29 ይሆናል። አንዱ ከአንዱ ጋር እኩል የሆነ ጎን የለም።

እነዚህን አራት ቁጥሮች ግን ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። ተቃራኒዎቹን ደምሩ፤ 5 ሲደመር 61 ይሆናል 66፤ 37 ሲደመር 29 ይሆናል 66። ይህ እንዲያው የገጠመ አይደለም። ዲያጎናሎቹ በቀጤ ማዕዘን የሚቋረጡበት ጎነ አራት ሁሉ የሁለት ተቃራኒ ጎኖቹ ካሬ ድምር ከሌሎቹ ሁለት ጎኖች ካሬ ድምር ጋር እኩል ነው፤ በተቃራኒው ሲነበብም እውነት ነው። እኔን የሚያስደስተኝ ሒሳብ ይህ ነው። ከስህተቱ ሥር እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ ሳለ ተማሪው «ሮምበስ ነው» ብሎ ክበብ አክብቦ እንዲያልፍ መደረጉ ያሳዝነኛል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የስፋት ቀመር ነው። የዲያጎናሎቹ ብዜት ለሁለት ተካፍሎ ስፋትን የሚሰጠው ለሮምበስና ለካይት ብቻ ነው ይላል ጽሑፉ። አይደለም። ከላይ ያየናቸው ሦስቱም ቅርጾች፣ ያ ጎኖቹ ሁሉ የተለያዩበት ጭምር፣ ስፋታቸው 24 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። አንደኛው ዲያጎናል ቅርጹን በሁለት ጎነ ሦስት ይከፍለዋል፤ የሌላኛው ዲያጎናል ሁለት ክፋዮች የጎነ ሦስቶቹ ከፍታ ይሆናሉ፤ ከፍታዎቹ ቢበላለጡም ድምራቸው ምንጊዜም ያው ሙሉው ዲያጎናል ነው። መጋመስ አለመጋመሳቸው ስፋቱ ውስጥ አይገባም። ማዕዘኑ ቀጤ ካልሆነ ደግሞ ውጤቱ በማዕዘኑ ሳይን ይባዛል፤ 8 እና 6 በ30 ዲግሪ ከተቋረጡ፣ የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ ስለሆነ፣ ስፋቱ 12 ይሆናል። ሳይንን ተማሪው በኋላ ክፍሎች ይደርስበታል፤ አሁን ግን «ብቻ» የሚለው ቃል ከጽሑፉ መውጣት አለበት።

ሦስተኛው፣ የፓራሌሎግራም ዲያጎናል የሚነሳበትን ማዕዘን ለሁለት እኩል ይከፍላል የሚለው ነው። ለዚህ አንድ ኤ4 ወረቀት ይበቃል፤ 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሬክታንግል ስለሆነም ፓራሌሎግራም ነው። በዲያጎናሉ እጠፉት። ዲያጎናሉ ማዕዘኑን እኩል ቢከፍል ኖሮ አጭሩ ጠርዝ ረጅሙ ጠርዝ ላይ በተኛ ነበር። አይተኛም፤ አንደኛው ክፋይ 35፣ ሌላኛው 55 ዲግሪ ገደማ ነው። ምክንያቱም ይታያል፦ ዲያጎናል ሀሐ ማዕዘን ሀን እኩል ከከፈለ፣ በትይዩ መስመሮች ሕግ የተነሳ በጎነ ሦስት ሀለሐ ውስጥ ሀ እና ሐ ላይ ያሉት ማዕዘኖች እኩል ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሀለ ከለሐ ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ ቅርጹ ሮምበስ ነው። ከፓራሌሎግራሞች መካከል ይህ ጠባይ ያለው ሮምበስ፣ ከእርሱም ጋር ካሬ ብቻ ነው። የፓራሌሎግራም ዲያጎናል እኩል የሚከፍለው ስፋቱን ነው። እንዲያውም ሁለቱ ዲያጎናሎች አንድ ላይ ስፋቱን አራት እኩል ቦታ ይከፍሉታል፤ አራቱ ጎነ ሦስቶች ግን እኩል ስፋት ይኑራቸው እንጂ ጎረቤታሞቹ አንድ ዓይነት ቅርጽ የሚኖራቸው ሁልጊዜ አይደለም።

አራተኛው ነጥባቸው የበሩ ነው። የብረት በር ቢያዘነብልም ጎኖቹ እስካልተለወጡ ድረስ ዲያጎናሎቹ አይለወጡም ብለዋል። ይለወጣሉ፤ አንደኛው ይረዝማል፣ ሌላኛው ያጥራል። የማይለወጠው የካሬዎቻቸው ድምር ነው። በፓራሌሎግራም የሁለቱ ዲያጎናሎች ካሬ ድምር ከአራቱ ጎኖች ካሬ ድምር ጋር እኩል ነው። ጎኖቹ 7 እና 4 ከሆኑ የአራቱ ጎኖች ካሬ ድምር 130 ነው። ቅርጹ ቀጥ ሲል ሁለቱም ዲያጎናሎች በካሬ 65፣ 65 ይሆናሉ። ገፋ አድርገን ስናዘነብለው 9 እና 7 ሊሆኑ ይችላሉ፤ 81 ሲደመር 49 ያው 130። በያጁ በሩ ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አንድ ብረት የሚጨምረውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ዲያጎናል ርዝመቱ ከታሰረ ሌላውም ይታሰራል፣ በሩም ሊያዘነብል አይችልም። አራት ጎን ብቻውን ቅርጹን አያጸናም፤ ዲያጎናሉ ሁለት ጎነ ሦስት ሲያደርገው ግን ይጸናል። ጽሑፉ ይህን ቢይዝ ለግንበኛውም ለበያጁም በጠቀመ ነበር።

አምስተኛው ነጥብ ጽሑፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ በጣም ቆንጆው ርእስ ነው፤ አያያዙ ግን ተበላሽቷል። የአንድን ጎነ አራት የጎኖቹን መካከለኛ ነጥቦች በቅደም ተከተል ብናገናኝ ያው ዓይነት ቅርጽ አንሶ ይወጣል ይላሉ። ለካሬ እውነት ነው፤ ከካሬ ካሬ ይወጣል። ከፓራሌሎግራምም ፓራሌሎግራም ይወጣል። ጸሐፊው የሞከሩት እነዚህን ሁለቱን ይመስለኛል። ሬክታንግል ላይ ቢሞክሩት ግን ሮምበስ ያገኛሉ፤ ሮምበስ ላይ ቢሞክሩት ሬክታንግል።

እውነተኛው ነገር ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ጎኖቹ ምንም ያህል የተዘበራረቁ ቢሆኑ ከማንኛውም ጎነ አራት የሚወጣው ምንጊዜም ፓራሌሎግራም ነው። ይህ በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በፒየር ቫሪኞን ስም ይጠራል፤ የታተመው እርሱ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1731 ነው። ምስጢሩ ያለው ዲያጎናሎቹ ዘንድ ነው። ጎነ ሦስት ሀለሐን ውሰዱ፤ የሀለን መሃል ከለሐ መሃል ጋር የሚያገናኘው መስመር ከዲያጎናል ሀሐ ጋር ትይዩ ነው፣ ርዝመቱም የእርሱ ግማሽ ነው። በማዶ ባለው ጎነ ሦስት ሀመሐም እንደዚሁ። ሁለት ተቃራኒ ጎኖች ሁለቱም የአንድ ዲያጎናል ግማሽ፣ ሁለቱም ለእርሱ ትይዩ ሆኑ፤ ይህ ፓራሌሎግራም ነው። እንግዲህ የውስጡ ቅርጽ የውጭውን ዲያጎናሎች ጠባይ ይወርሳል። ውጭ ዲያጎናሎቹ እኩል ከሆኑ ውስጥ ጎኖቹ እኩል ይሆናሉ፣ ማለትም ሮምበስ፤ ውጭ ዲያጎናሎቹ በቀጤ ማዕዘን ከተቋረጡ ውስጥ ማዕዘኖቹ ቀጤ ይሆናሉ፣ ማለትም ሬክታንግል። ከላይ ያየነው 10 እና 6 ሜትር ያለው ትራፒዚየም ዲያጎናሎቹ 10፣ 10 ስለሆኑ ውስጡ የሚወጣው ጎኑ 5 የሆነ ሮምበስ ነው። ዲያጎናሎቹ 8 እና 6 የሆነው፣ ጎኖቹ ሁሉ የተለያዩበት ቅርጽ ደግሞ 4 በ3 የሆነ ሬክታንግል በሆዱ ይዟል። ተማሪዎቼ ይህን በእጃቸው ስለው ሲያዩ ማስመሪያውን ደግመው ያነሱና አምስተኛ፣ ስድስተኛ ቅርጽ ይሞክራሉ። «ያው ቅርጽ ይወጣል» የተባለ ልጅ ይህን ለመሞከር ምክንያት የለውም።

ስድስተኛው፣ የጎነ አራት ዲያጎናሎች ምንጊዜም በቅርጹ ውስጥ ይቋረጣሉ የሚለው ነው። አንድ ማዕዘኑ ወደ ውስጥ የገባ ጎነ አራት ላይ አይሠራም፤ አንደኛው ዲያጎናል ከቅርጹ ውጭ ይወድቃል፣ ዲያጎናሎቹም ካልተራዘሙ በቀር አይገናኙም። ይህ ለመሬት ልኬት ትልቅ ነገር ነው፤ የጎንደር ኮረብታማ ሰፈሮች ውስጥ ያለ ይዞታ ሁሉ እንደ ደብተር ገጽ የተስተካከለ አይደለም። የፋሲል ግቢን የሚከበው 900 ሜትር ገደማ አጥር ራሱ በሬክታንግል አልተዘረጋም። አንድ ይዞታ ከፍታው 24 ሜትር፣ መሠረቱ 20 ሜትር፣ ሌሎቹ ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት ይመስል፤ ግን የመሠረቱ መሃል 9 ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ትክክለኛው ስፋት 240 ሲቀነስ 90፣ ማለትም 150 ካሬ ሜትር ነው። ሁለቱ ዲያጎናሎች በቅርጹ ውስጥ ናቸው ብሎ ያመነ ሰው ግን በውጭው ዲያጎናል ሁለት ጎነ ሦስት ሠርቶ ይደምራቸዋል፤ 330 ያገኛል። የ180 ካሬ ሜትር ልዩነት በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ሊያስነሳ የሚችለውን ነገር መገመት አያቅትም። ውስጥ በሚያልፈው በ15 ሜትሩ ዲያጎናል ቢከፍለው 75 እና 75፣ ድምሩ 150 ይመጣለት ነበር።

የመጨረሻው ነጥባቸው ስለ አጠናን ነው። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ማረጋገጫ አያስፈልገውም፣ ሰንጠረዡን በቃሉ ቢይዝ ይበቃዋል ብለዋል። ፈተና የቀረበበት ልጅ እንዲህ ያለ ምክር ሲሰማ ደስ እንደሚለው አውቃለሁ። ግን ይህን ሰንጠረዥ በቃል መያዝ ምን እንዳመጣ ራሱ ጽሑፉ አሳይቶናል። ማረጋገጫ ያየ ልጅ እያንዳንዱ ቅድመ ሁኔታ የት ቦታ እንደገባና ምን እንደሠራ ያውቃል። «ፓራሌሎግራም ነው» የሚለው ከጥያቄው ላይ ሲጎድል ሬክታንግል ብሎ ለመመለስ እጁ አይታዘዝለትም። 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ በቃሉ የያዘው የአማርኛ ሰንጠረዥ ያን ጊዜ ብዙ አይረዳውም፤ ሁለት ጎነ ሦስቶችን አነጻጽሮ መደምደም የለመደው ዓይኑ ግን አብሮት ይሻገራል። በቃል መያዝን አልንቅም፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቿ በታወቀችው ጎንደር ተቀምጦ በቃል መያዝን የሚንቅ የለም። እዚያም ቢሆን ግን ዜማውን በቃሉ የያዘ ተማሪ ወደ ትርጓሜው ሲሻገር ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ መምህሩም ይመልሱለታል።

ጸሐፊው ጽሑፉን እንደገና ለማባዛት ካሰቡ የምለምናቸው ይህን ነው። «ዲያጎናሎቹ እኩል ከሆኑ ሬክታንግል ነው» የሚለውን «ፓራሌሎግራም ሆኖ ዲያጎናሎቹ እኩል ከሆኑ» ብለው ያርሙት። «በቀጤ ማዕዘን ከተቋረጡ ሮምበስ ነው» የሚለውን «ተጋምሰው በቀጤ ማዕዘን ከተቋረጡ» ይበሉት። ትራፒዚየምን ወደ ሰንጠረዡ ያስገቡት፤ ሁለቱ ትይዩ ያልሆኑ ጎኖቹ እኩል ሲሆኑ ዲያጎናሎቹ እኩል ናቸው፣ ግን አይጋመሱም። ለግንበኛው በተጻፈው ክፍል ላይ ደግሞ ከዲያጎናሉ በፊት አራቱም ጎኖች ይለኩ የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ማረጋገጫዎቹን ጽፎ የሚያግዛቸው ሰው ከፈለጉ እኔ ዝግጁ ነኝ።